ቃሪያው እስኪወጣ

ከወይኑ ማሳ ስመለስ፣ ገና ከአጥሩ ሳልደርስ፣ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ።

እኛ ቆላ ነን። ገብስ ከምዕራቡ ተራራ ላይ እንጂ ከቆቦ ሜዳ አይበቅልም። እኛ ሠፈር ገብስ ገዝቶ የሚቆላ ሰው ለበሶ ነው የሚቆላው፤ በሶ ደግሞ የመንገድ ስንቅ ነው። ከቤታችን መንገደኛ አልነበረም። ያለነው ሁለት ነን፣ እኔና ልጄ። እኔ የትም አልሄድም።

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጀሪካኖቹ በሙሉ ውሃ ተሞልተው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። እንጨቱ ተፈልጦ ተከምሯል። በርበሬው ተቀጥቅጦ ተሰጥቷል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ብቻዬን ለምቀረው ለእኔ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ ገብሱን ታማስላለች።

"ለማን ነው በሶው?" አልኳት ገብቼ።

ቀና አላለችም። "ለመንገድ።"

"ለማን መንገድ?"

"እማ፣ አታድክሚኝ። ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። የራያ እናት ሁሉ ታውቃለች። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ባሕሩን፣ ከዚያ ወዲያ አረብ አገር። ከሠፈራችን የሄዱ አሉ። ደህና ገብተው የሚደውሉ አሉ። አንዲት እናት ግን አለች፣ ገበያ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጇ አልጠይቃትም፤ እሷም እንዳልጠይቃት ብላ የቲማቲም ዋጋ ታወራኛለች። እኔም እንደሷ የቲማቲም ዋጋ የማወራ ሴት ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ልጄን ለመንገድ ያነሳሳት ወይን ነው። ወይን ስል መጠጡን ማለቴ አይደለም፤ የተከልናትን ማለቴ ነው።

አባቷ ካረፈ በኋላ በጉድጓድ ውሃ የሚጠጣውን መሬታችንን ሽንኩርት እያደረግን ኖርን። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣላት ሲቀር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከግብርና ባለሙያዋ ጋር ስትመካከር ከርማ አንድ ቀን "እማ፣ ወይን እንትከል። የወይን ጠጅ ጠማቂዎቹ ራሳቸው መኪና ይዘው መጥተው ይወስዳሉ" አለችኝ። ተከልን። ሐሳቡ የሷ ነው፣ የመትከያውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።

ችግኙ ሲመጣ ስሙን ነገሩን፤ ካበርኔ ሶቪኞን። የፈረንጅ ስም ነው፣ አፌ ውስጥ አልገባ አለ። ከፊቱ ያለውን ቆርጬ "ካባ" አልኳት። ልጄ ሳቀችብኝ፤ ቆይቶ ግን እሷም ካባ አለቻት፣ ሠፈሩም ካባ አላት። ኋላ ፍሬ ስትይዝ ሳያት ስሟ ልኳ ሆኖ ተገኘ። ፍሬዋ ትንሽ ናት፤ ከሽምብራ ብትበልጥ ነው። ቆዳዋ ግን ወፍራም ነው፣ በጥርስ ካልያዟት አትበጠስም። እውነትም ካባ የለበሰች ናት።

አመሏን እስክንለምድ ብዙ አስቃናለች። ቅጠሏ አምስት ቦታ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ ጫፍ ለጫፍ ይገጥምና መሃል ላይ ቀዳዳ ይሠራል። መጀመሪያ ሳየው "አንቺ! ተባይ ጨርሷታል፣ መድኃኒት አምጪ!" ብዬ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ልጄ ቅጠሉን ቀጥፋ ፀሐይ ላይ ይዛ አሳየችኝ። "አልተበላም እማ። ሲፈጠር እንዲህ ነው። የካባሽ ጥልፍ ነው።" ከዚያ ወዲህ ከሌላ ወይን ጋር ቢቀላቅሉብኝ በዚያ ጥልፍ ለይቼ አወጣታለሁ።

አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ዘለላዋ ጠቆረ። እኛ ማሽላ ያሳደገን ሰዎች ነን። ማሽላ ሲደርስ ራሱ ቀለሙን ለውጦ ይነግርሃል፤ ዓይን ያለው ሰው ይበቃዋል። ካባም ስትጠቁር ደረሰች ብለን ለቀምናት። ጠማቂዎቹ የሚልኩት ገዢ መጣ፣ አንዲት ፍሬ አኘከ፣ ፊቱን አጨማደደና ተፋት። "ቃሪያ ቃሪያ ትላለች። አልደረሰችም" ብሎ ባዶ መኪናውን አዙሮ ሄደ። የተለቀመው ተመልሶ ግንዱ ላይ አይንጠለጠል። ጎብዬ ገበያ ይዘነው ወጣን። አንዲት ሴት ቀመሰችና ፍሬዋን በእጇ ይዛ በገበያው መሃል "ስሙ እንጂ! ቃሪያዋን ኩል ቀብታ ወይን ነው ትለናለች!" አለች። ገበያው ተንጫጫ። እኔ እንኳ ከሰው ጋር ስቄ ነበር። ልጄ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎብዬ እስከ ሮቢት "የቃሪያዋ ልጅ" አሏት። ያ ስም ነው ገብሱን ያስቆላት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ምጣዱ ፊት ቆምኩ። አላለቀስኩም። ካለቀስኩ ነገሩ ያለቀለት ይመስላታል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

"ካባ መጥቆር ጀምራለች" አልኳት። "እስክትለቀም ቆዪልኝ። ሌላ አልለምንሽም።"

"አምናም ጠቁራ ነበር።"

"አምና በዓይናችን ነው የለቀምናት። ዘንድሮ በዓይናችን አንለቅማትም።"

"በምናችን ልንለቅማት ነው?"

እሱን አላውቅም ነበር። "እንጠይቃለን" አልኩ።

ገብሱን ማማሰሏን ቀጠለች። ኋላ "ገዢው ከወሰዳት እቀራለሁ" አለች። "ከተፋት ግን፣ እማ፣ በሩ ላይ እንዳትቆሚብኝ።"

"አልቆምብሽም" አልኳት። እኔው ራሴን አላመንኩትም።

ገብሱን አስፈጭታ መጣች። በሶውን በከረጢት አድርጋ ከቤቱ መሃል ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ስበላም ስተኛም ያ ከረጢት ከፊቴ ነበር።

በማግስቱ ባለሙያዋን አስጠራኋት። ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ከወይኑ መሃል ገብታ አንዲት ፍሬ ቀጥፋ ጨመቀቻት። ከጥቁሯ ፍሬ የወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም።

"አዩ እትዬ? ቀለሙ ያለው ቆዳዋ ላይ ነው። ቆዳዋ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ሆዷ ውስጥ ገና ጥሬ ናት። ይቺ ዝርያ ከሁሉ ዘግይታ ነው የምትደርስ። ቀድሞ ቀለሙ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስኳሩ፤ ያ የቃሪያ ጠረን በመጨረሻ ነው የሚለቃት። ዘሯም አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆሎ ቀጨም እስኪል ጠብቁ።"

"እሺ ልጄ። ሌላስ?"

"ውሃ ከልክሏት።"

በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። "ምን አልሽኝ?"

"ጥማት ትወዳለች። አሁን ከጠጣች ትነፋና ጣዕሟ ይቀጥናል። ሥሯ ጠልቆ የሄደ ነው፣ አትሞትም።"

"ልጄ፣ እኛ ራያዎች ለጠላታችንም ውሃ አንከለክልም" አልኳት። የኔዋ ልጅ ግን ቀልዴን እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ ሄዳ የጠብታ መስኖውን ቧንቧ ዘጋችው። ያ ቧንቧ ሲዘጋ የተሰማኝን ወላድ ብቻ ነው የሚያውቀው። በየቀኑ በደረቀው አፈር መሃል ስሄድ ካባን ይቅር በይኝ እያልኳት ነበር። እሷ ግን ምንም አልሆነችም። የሥሩ ቅጠሏ ትንሽ ገርጥቶ፣ ዘለላዋ ይባስ እየጠቆረ፣ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ዱቄት ነስንሳ ቆመች። እኔ ነኝ የከሳሁት።

ጠዋት ጠዋት እኔና ልጄ አንዳንድ ፍሬ እንቀምሳለን። እኔ ቆዳዋን፣ እሷ ዘሯን እናኝካለን።

"ቃሪያው?" እላታለሁ።

"አለ።"

በማግስቱም፣ "ቃሪያው?"

"አለ እማ። ቁጭ ብሏል።"

ከማሳችን በታች ማሽላ የሚዘሩ ጎረቤት አሉን። ሽማግሌ ናቸው፣ እስላም ናቸው፣ የደራሽ ውሃ ተራ የሚያዝዙትም እሳቸው ስለሆኑ የውሃ አባት እንላቸዋለን። ወይኑን ስንተክል "እቴ፣ ለሚጠመቀው እጄን አልሰጥሽም፤ ፍሬዋ ግን የአላህ ናት፣ ከፍሬዋ አትርሺኝ" ብለውኝ ነበር። የዘንድሮው ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገቡ። እሳቸው ቀን ስለማይቀምሱ ለማፍጠሪያቸው በሳህን እልክላቸዋለሁ። ጠዋት በአጥሩ በኩል ድምፃቸው ይመጣል።

"እቴ! እቴ!"

"አቤት አያ!"

"ቃሪያሽ አለች! ከሾርባው ጋር ጥሩ ሄደችልኝ!"

ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ከገበያው ወዲህ በቃሪያ ስትስቅ ያን ቀን አየኋት። ሳቋን ሰምቼ ምሰሶውን አየሁ። ከረጢቱ እዚያው ነው።

ከዚያ ወፍ መጣ። አንድ ጠዋት ዘለላው ላይ ፍሬዎች ተወግተው አገኘን። ወፍ ባገራችን የማሽላ ጠላት ነው፤ ሰው ማማ ላይ ተሰቅሎ በወንጭፍ ሲያባርር ይውላል። እኔ ግን የተወጋችውን ፍሬ ቀምሼ እልልልል አልኩ። አያ ከታች ወንጭፋቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

"ምን ተወለደ?"

"ወፍ ገባብኝ አያ!"

"ወፍ ገብቶብሽ ነው እልል የምትይው?"

"ወፍ ጥሬ አትበላማ! ጣፍጣላታለች!"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጄ ዞሩ። "እናትሽን ጥላ ሥር አስቀምጫት" አሏት።

ስኳሩ መጥቷል፤ ቃሪያው ግን ገና ጭራው ቀርቷል። ባለሙያዋም ቀምሳ "ትንሽ ታገሱ" አለች። ልጄ በዚያው ሰሞን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ገዝታ መጣች። የበረሃ ድንጋይ የማይበሳው ዓይነት ነው። አልጋዋ ሥር በፌስታል አድርጋ አስቀመጠችው፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ተራራ ጠቆረ። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠብም አላለም። እንዲህ ሲሆን የራያ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ጆሮውን ያቆማል። ዝናቡ እላይ ይዘንባል፣ ውሃው እኛ ጋ ይወርዳል። የበልግን የመጀመሪያ ደራሽ ማሳው ያስገባ ሰው ማሽላውን ዘራ ማለት ነው። ያመለጠው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይከርማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ የቦዩን አፍ ሊከፍት ይሮጣል።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ተራ የኔ ነበር። ተራው የሚሄደው በመሬቱ ነው፤ ድሮ መሬቱ ማሽላ ሳለ የነበረው ተራ ወይን ቢተከልበትም አልተነሳም። ወደ ማሳዬ የሚያስገባው የቦይ አፍም እንደ ድሮው ክፍት ነው። አምና የበልግ ደራሽ ስላልመጣ ነገሩ ትዝ ያለው የለም። በኛ አገር የቦይ አፍ ሲጠረግ እንጂ ሲደፈን አይታይም። የጠብታውን ቧንቧ ያን ያህል ጊዜ ዘግተን ጠብቀን፣ ለደራሹ በር ከፍተን ተቀምጠናል። ከተራራው በኩል ጉምጉምታው ሲሰማ ነው ይህ የታየኝ። ከገባባት ያ ሁሉ ጥማት ከንቱ ነው፤ ካባ ትነፋለች፣ ገዢው ይተፋታል፣ ከረጢቱ ከምሰሶው ይወርዳል።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ።

"ቢሻን! ቢሻን መጣ!" ይላሉ አያ ከቦዩ ዳር። የድሮ ሰዎች ውሃን እንዲህ ይሉታል። "እቴ! ተራሽ ነው፣ አስገቢው!"

"አያ፣ ዝጉልኝ!"

"ምን?"

"አፉን ዝጉልኝ! ደራሹን እርስዎ ይውሰዱት!"

ባሉበት ቆሙ። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። "እቴ፣ ፆሙ የከበደው እኔን ነው አንቺን?"

"ለካባ ነው! ውሃ ከነካት አለቀልኝ!"

ይሄኔ አካፋ የያዙትን ሰዎች ጠሯቸው። "ስሙ! ሁላችሁም ስሙ! የመጀመሪያዋን ደራሽ ውሰዱልኝ የምትለኝ ራሷ ናት! ነገ ሴት ገፋ ብላችሁ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ!"

"አበደች!" አለ አንዱ።

"ታብድ! ወዲህ ትላከው እንጂ!" አለ ሌላው፣ የሱም የማሽላ ማሳ ከታች ነው።

አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን አፉ ላይ መጣል ጀመርን። አይበቃም። ጉምጉምታው ቀርቧል። ዞር ስል ልጄ ከቤት በኩል እየበረረች መጣች። እግሯ ላይ ያ ጫማ አለ። ቤት ውስጥ እየለካችው ሳለ ነው ጩኸቱን የሰማችው። ሳታወልቀው ቦዩ ውስጥ ዘላ ገባች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠች፣ ከረጢቶቹን ትደራርብ ጀመር።

ውሃው ደረሰ። እንደ በርበሬ የቀላ፣ ቅርንጫፍና ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ ነው። የደረደርነውን ሲመታው መሃሉ ተንሸራተተ። ልጄ ዞራ ጀርባዋን ለከረጢቶቹ ሰጠችና እግሯን አፈሩ ላይ ተክላ ገፋች። ውሃው ከበላይዋ እየተረጨ ፊቷ አልታይ አለኝ።

"ውጪ!" ብዬ ጮህኩ። "ውጪ ልጄ! ይወስድሻል!"

"ካባሽ ትጠጣ?"

"ትጠጣ! ገደል ትግባ! እኔ የምፈልገው አንቺን ነው!"

በጭቃ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷን አልረሳውም። ከዚያ ሳቀች። "እንግዲያ ቆመሽ አትጩሂ፣ አፈር አምጪ!"

አመጣሁ። አያ በሽምግልናቸው፣ በፆም አፋቸው፣ የግራር እሾህ እየጎተቱ መጡ። ሌሎቹ ድንጋይ አቀበሉ። ለራሳቸው ማሽላም ነው፣ ለኔም ነው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ገፋ። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ውሃው አፉን ማለፍ አቅቶት አንገቱን አዞረና እየፎከረ ወደ ታች ወደ ማሽላው ማሳ ወረደ። ራያ ውስጥ ውሃ ያባረርኩ ሴት ነኝ! እጄን ወደ ሰማይ ሰድጄ እልል አልኩ፣ ከታች ያሉትም ውሃው ስለገባላቸው እልል አሉ። አንዱን ደራሽ ያገኘውም የሸሸውም እኩል ሲደሰትበት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልጄን ጎትተን ስናወጣት አንድ እግሯ ባዶ ነበር።

"ጫማሽስ?"

"ሄደ" አለች እያለከለከች። ይህ ደራሽ ሲወርድ ሲወርድ መጨረሻው አፋር ነው። "ጫማዬ ብቻውን አፋር ሊገባ ነው እማ።"

ጭቃ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ማታ ግን ከረጢቱን አየሁት። ካለበት አልተነሳም።

በማግስቱ ካፊያ ጣለ። ዘለላውን አንድ ባንድ እያገላበጥኩ አየሁ። የተሰነጠቀች ፍሬ አጣሁ። ያ ወፍራም ቆዳዋ ጠብታውን አንከባሎ ጣለው፤ ዘለላዋም ላላ ያለ ስለሆነ ነፋሱ በፍሬዎቹ መሃል ገብቶ አደረቃት። ቀጭን ቆዳ ያላት ወይን ብትሆን ሻግታብኝ ነበር። ካባዋን አንድ ጊዜ በእጄ ዳበስኩላት።

የአያ ፆም ተፈታ፤ የኔ ገና ነው። አንድ ጠዋት ልጄ እንደ ልማዷ ዘሯን ነከሰች። ቀጨም ሲል እኔ ከቆምኩበት ሰማሁት። ዘሩን መዳፏ ላይ ተፋችው፤ ቡናማ ነው። ሌላ ቀጠፈች፣ ከሌላ ግንድ ሌላ ቀጠፈች። እስከ ረድፉ መጨረሻ እየቀመሰች ሄደች። እኔ ወዲህ ማዶ ቆሜያለሁ።

"ቃሪያው?" አልኳት።

አንድ ፍሬ ይዛ መጣችና አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ከነከስኳት በኋላ መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ፤ እንጆሪ የመሰለ፣ እንጆሪ ያልሆነ። ቀጥሎ ቆዳዋ ምላሴን ጨምደድ አደረገው። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ያ የማውቀው ጠረን መጣ መጣ ብዬ አፍንጫዬን ከፍቼ ጠበቅሁ። አልመጣም።

"ወጣ" አልኩ።

"ወጣ እማ!"

ገዢው ዘንድሮም በዚያው መኪናው መጣ። ሰላምታውም ቁጥብ ነበር፤ አምና የተፋት ትዝ ብሎታል መሰለኝ። ከጣት የምትረዝም ቧንቧ አለችው፤ አንድ ጫፏ ላይ የጭማቂ ጠብታ አድርጎ በሌላው ጫፍ ወደ ፀሐይ ያይባታል፣ ስኳሯን ትነግረዋለች። አየ። ጠረገና ከሌላ ረድፍ ደግሞ አየ። ከዚያ አንዲት ፍሬ አፉ ውስጥ ጨመረ። ልጄ እጇን ከኋላዋ አጣምራለች። እኔ አፉን ብቻ ነው የማየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሊተፋ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የተፋው ዘሯን ብቻ ነው፣ እሱንም መዳፉ ላይ። ቆዳዋን ግን ማኘኩን ቀጠለ። "ቀይ ወይን የሚሆነው ይሄ ቆዳ ነው" አለ። "ውሃ የከለከላት ማን ነው?"

"ምክሩ የባለሙያዋ ነው" አለች ልጄ። "ጥማቱን የቻለችው ግን እናቴ ናት።"

"በሉ ልቀሙ" አለ። "ሁሉንም እወስዳለሁ።"

ሁሉንም! ያን ጊዜ አጥር መያዝ አላስፈለገኝም፣ ልጄ ያዘችኝ።

ለለቀማ ሰው ጠራን። ከመጡት መሃል አንዷ አምና ጎብዬ ገበያ ላይ ኩል ያለችኝ ሴት ናት። አላሳፈርኳትም፤ ሳጥን ሰጠኋት። ትንሽ ለቅማ አንዲት ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ሁለተኛ ከተተች።

"አንቺ ሴትዮ" አለችኝ፣ "ኩሉ የታለ?"

"ተኳልሽው እኮ!" አልኳት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ለቃሚው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ራሷ ከሁሉ በላይ ሳቀች። አያም ወንጭፋቸውን ይዘው መጥተው ረድፉ ጫፍ ላይ ቆሙ። "እኔ የማባርረው ወፍ ነው" አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ወፍ ማባረር ሐራም አይደለም።"

ቀትር ላይ የልጄ ስልክ ጮኸ። እጇ በጭማቂ ተጣብቋል። አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየችና "ደላላው ነው" አለች። በጅቡቲ በኩል ሊያሻግራት የተስማማው ሰው ነው። "እማ፣ እጄን አየሽው፤ አንቺ ዝጊልኝ።" ፊደል የቆጠርኩት በጉልምስናዬ ነው፤ ስልክ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጊዜ ይፈጅብኛል። ቀዩን ግን አውቀዋለሁ። ተጫንኩት።

ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ያን ከረጢት ይዛ ነው። ገበቴ ላይ ገለበጠችው፣ ውሃና ጨው አደረገችበት፣ አሽታ አሽታ ጭብጦ እያደረገች ለለቃሚው ታዞር ጀመር። ኩል ላለችው ሴት ሰጠች፣ መኪናውን ለሚጭኑት ሰጠች፣ ለገዢው ሰጠች። አያ ድርሻቸውን ይዘው አገላብጠው አዩት።

"ይሄ በሶ የመንገድ ነው ሲባል ሰምቼ አልነበር?"

"መንገዱ ቀረ አያ" አለች ልጄ። "ይብሉ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ጎረሱ።

የኔን ድርሻ በእጇ አጎረሰችኝ። የገብሱ ሽታ ያው የዚያን ቀኑ ነው፣ አጥሩን ያስያዘኝ። እያላመጥኩ ሳለ መኪናው ተነስቶ አስፋልቱን ያዘ። ልጄ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ባዶዎቹ ግንዶች ዞረችና "እማ፣ ዘንድሮ ስንገርዛት ዝቅ አድርገን ነው፣ አምና ከፍ አድርገንባታል" አለችኝ።

ምሰሶው ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። ልጄ ከቤቴ ናት፤ እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቻለሁ። ዳንኩ።